ስምንት ጠብታ

የዓሣውን መስተዋት ገንዳ ሰው ሁሉ «የጥርስ ሐኪሙ ገንዳ» ይለው ነበር። ገዝቶ ያመጣው፣ ሳሎኑ ውስጥ ከሶፋው ትይዩ ያስቀመጠውም እሱ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር መብራቱን አብርቶ ዓሦቹንና ኮራሎቹን እያሳየ፣ ባሕሩን ቤቱ ድረስ እንዳመጣው ያወራል። እንግዶቹ የዓሣ ጥርስም ትነቅላለህ ወይ ሲሉት ይስቃል። ሚስቱ በዚያን ሰዓት ጓዳ ናት።

ውኃውን በሕይወት ያቆየችው ግን እሷ ናት። የምትሠራው የከተማው ውኃ መመርመሪያ ክፍል ስለነበር፣ ኮራሎቹ ገና በሦስተኛው ወር መገርጣት ሲጀምሩ ነገሩ ገባት። ኮራል ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው፤ አጥንቱን የሚሠራው ውኃው ውስጥ ካለው ካልሲየምና አልካሊኒቲ ከሚባለው፣ አሲድን ከሚያበርድ ጨው ነው። የወሰደው ካልተተካለት ይሞታል፤ በአንድ ጊዜ ሲከመርበትም ይሞታል። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ለሥራ ከመልበሷ በፊት፣ በስሪንጅ ጥቂት ውኃ ቀድታ መመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ ታደርግበታለች። ሰማያዊው በስምንተኛው ጠብታ ቢጫ ከሆነ ደኅና ነው። በሰባተኛው ከሆነ የጎደለውን ዱቄት በጥብጣ ቀስ አድርጋ ታንጠባጥባለች። እናቷን የቀበረች ቀን እንኳ ለክታ ነው የወጣችው።

ከዚያ ጥርስ ሐኪሙ ሌላ ሴት ወደደ። ንብረት ሲካፈሉ ገንዳው፣ ደረሰኙ በስሙ ነውና፣ ለእሱ ተባለ። አልተከራከረችም። ምን መቼ እንደሚለካ፣ ምን ያህል እንደሚጨመር በአንድ ወረቀት ጽፋ የገንዳው መስተዋት ላይ ለጠፈችለት። ጫኞቹ ውኃውን በበርሜል እየቀዱ ሲያወጡ በሩን ይዛ ቆመች።

በሁለተኛው ወር ዓይኑን በጨው ታጥቦ ደወለላት። ኮራሎቹ እየነጡ ነውና መጥተሽ እዪልኝ አላት። እምቢታው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጥፍር አክላ ገብታ መዳፍ ያህል ያደረሰቻት ሐምራዊዋ ኮራል በዓይኗ ዞረች፤ ሄደች።

አዲሲቱ ሚስት በትሕትና በሩን ከፈተችላትና ራሷ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ስልክ ሊያነሳ ወጣ ባለበት የድሮዋ ሚስት ብቻዋን ለካች። ቢጫ የሆነው በአሥራ ሦስተኛው ጠብታ ነው፤ ከልክ በላይ በዝቷል።

ሲመለስ ጠየቀችው። «ዱቄቱን ስንት ቀን ከፋፍለህ ጨመርከው?»

«ስለካው በጣም ወርዶ ነበር። በአንድ ከሰዓት ሞላሁት።»

«ወረቀቱስ?»

«የት እንደገባ እንጃ።»

«በል አሁን እጅህን ሰብስብ። ምንም እንዳትጨምር። ኮራሎቹ ራሳቸው ይበሉታል፣ በሁለት ሳምንት ይወርዳል።»

«ሁለት ሳምንት? እስከዚያ ያልቃሉ።»

«ከቸኮልክባቸው ነው የሚያልቁት።»

እሺ ብሎ ሸኛት። በማግስቱ የገንዳ ዓሣ የሚሸጥ ሰውዬ ጋ ሄዶ፣ ቶሎ የሚያወርድ አሲድ ገዝቶ ቀላቀለበት። ሦስት ቀን ሳይሞላ ገንዳው ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አልቀረም።

ይህን የነገረቻት ልጇ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች። የአሲዱን ነገር እንደ ቀላል ነገር አንስታ አለፈችው። ከዚያ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች።

«እማዬ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ያን ቀን ውኃው ውስጥ የጨመርሽው ነገር ነበር?»

እናት መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። «ማን አለ?»

«አባዬ። ብቻሽን ነበርሽ ይላል። የአባዬ እህት፣ አክስቴም፣ ውኃን እንደ እሷ የሚያውቅ የለም፣ መግደያውንም አታጣውም አለች።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እንኳ እሷ ውኃ ታውቃለች ብሎ አያውቅም። ስለ አልካሊኒቲው፣ ስለ አሲዱ፣ ጠባዩ በአንድ ሌሊት ስለሚገለበጥ ውኃ ልታስረዳ ጀመረችና የልጅቷን ዓይን ስታይ ተወችው።

«ለካሁ እንጂ አልጨመርኩም።»

«እሺ፣» አለች ልጅቷ።

ነገሩ እንዲያልቅላት ብቻ የምትል እሺ ነበረች። ምሳ ሳይቀርብ ፈተና አለብኝ ብላ ቦርሳዋን አነሳች። እናት እስከ ደረጃው ሸኘቻት፤ የሚቀጥለው እሑድ ትመጪያለሽ ወይ ብላ ግን አልጠየቀቻትም።