የተዋጠው ሞገድ

ከሊማሊሞ ገደል ሥር ጉሙ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር፣ መኪናቸውን መንገድ ዳር ያቆሙት ሹፌሮች አማረሩ። የጉም ተመራማሪዋ የትናየት ግን እልል ማለት ቃጣት። ሰሞኑን ሰማዩ ጠርቶ ሲያላግጥባት ከርሟል፤ ከራዳሮቿ አጠገብ ቁጭ ብላ ጉም የምትለምን ሴት ደባርቅ ላይ ከእሷ ሌላ አልነበረችም።

ዛሬ ካልሆነ ደግሞ በቃ። ሙከራው አልሠራም ተብሎ ነገ ከጎንደር መኪና መጥቶ ምሰሶውንም፣ ከጉም ውኃ የሚያጠምደውን መረብም፣ ራዳሮቹንም ጭኖ ይሄዳል፤ የአፋፉ መንደር ሴቶችም ጄሪካን አዝለው ገደል ለገደል ወደ ወንዙ መውረዳቸውን ይቀጥላሉ። ጥፋቱ የራሷ ነው። አምና አንድ ራዳር ይዛ መጥታ፣ ከኮረብታው አናት የሚመለሰው ሞገድ ብርቱ ሆኖ ስታገኘው፣ ውኃው ያለው እዚያ ነው ብላ በሰው ፊት አፏን ሞልታ ተናገረች። መንደሩ ምሰሶ ተሸክሞ ወጥቶ መረብ ወጠረ። መረቡ ከመርጠብ አላለፈም። የዳባት ልጅ ናትና ወሬው ቀድሟት እናቷ ቤት ገባ።

ክረምቱን ሙሉ ስትብሰለሰል ከርማ ነው ስህተቷን ያገኘችው። ራዳር በትልልቅ ጠብታ ይታለላል። ጥቂት ወፍራም ጠብታዎች ሠርግ ቤት እንደገባ አንድ ጯሂ ናቸው፤ የሌላው ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ዘንድሮ ሁለት ራዳር ጎን ለጎን አቆመች፤ የአንዱ ሞገድ ረጅም፣ የሌላው አጭር። ጉም ውስጥ ያለ ውኃ አጭሩን ሞገድ እየዋጠ ያስቀረዋል፤ ረጅሙን ብዙም አይነካውም። የተዋጠው በበዛ ቁጥር ውኃውም በዝቷል ማለት ነው። ጠብታው ተለቀ አነሰ፣ ግድ የለም።

ሸሀቡ፣ የደባርቁ ቴክኒሻን፣ ጄነሬተሩን አስነሣ። ጉሙ መጥቶ ሸፈናቸው። የኮረብታው አናት በራዳሩ ማያ ላይ እንደ አምናው ደምቆ ታየ። ከአናቱ ዝቅ ብሎ፣ የቆላው ነፋስ የሚገባበት ጠባብ የተራራ በር ግን ፈዛዛ ነበር፤ አምና ዞር ብላም አላየችውም። አሁን አጭሩ ሞገድ እዚያ በር ውስጥ እየገባ ይቀራል። ስሌቱን ደጋግማ ሠራችው። ወይ ፍንክች! ውኃው በሩ ላይ ነው።

የመንደሩ ውኃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሴቶቹን አስከትለው የመጡት መረቡን ሊያወርዱ ነበር። የትናየት መረቡ ወደ በሩ እንዲዛወር ስትለምናቸው ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። ወይዘሮዋ በእጃቸው ዝም አሰኙና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«የኔ ልጅ፣ አምና የደመቀው ነው አልሽን። ዘንድሮ የፈዘዘው ነው ትይናለሽ። ለሌላ ጊዜ ምን አስቀረሽ?»

«ምንም አላስቀረሁም፣ እማማ። አምና የደከማችሁት በኔ ጥፋት ነው። ዛሬ ግን ውኃው የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረው ከምሰሶው አንዱን ጫፍ አነሡ። እሳቸው ካነሡ ማን ይቀራል? ሴቶቹ ሁሉ ተረባረቡ።

መረቡ በሩ ላይ ተወጥሮ ነፋሱን ሲቀበል የትናየት ሥሩ ቆማ ክሩን ትመለከት ጀመር። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ የመረቡ ክር በደቃቅ ጠብታ ነጣ፤ ነጩ እየተጠራቀመ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ከሥር በተዘረጋው አሸንዳ ላይ ጠብ አለ። ጠብ ጠብ አለ። ከዚያማ ወረደ! ጄሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ አንዷ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ገደሉም መለሰላቸው። ሸሀቡ «አልሐምዱሊላህ» እያለ የወረደውን ውኃና የነፋሱን ፍጥነት አስልቶ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረው። ራዳሮቹ ከነገሯት ጋር ገጥሟል። የትናየት አላፈረችም፣ አለቀሰች።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከአሸንዳው በእፍኛቸው ተቀብለው ጠጡ። የቀረውን ፊታቸው ላይ አፈሰሱት። አገጫቸው ላይ ውኃው እየተንጠባጠበ ወደ የትናየት መጡ።

«ሁለተኛ መረብ ብንጨምር የት እናቁመው?» አሏት።

እልልታው ቆመ። ሴቶቹ ሁሉ አፍ አፏን ያዩ ጀመር።