ስሜን አንሱልኝ

“በፈቃድሽ ነው?” አለች ሮንዳ፣ ማህተሙን ከወረቀቱ በላይ እንደያዘች።

ታራ ዘወር ብላ በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ጆሊንን አየች። ጆሊን ፈገግ ብላ በአገጯ “ቀጥይ” አለቻት፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅሱ የጠፋበትን ልጅ እንደምታደፋፍረው።

“ጆሊን፣ አንድ ጊዜ ውጪልን” አለች ሮንዳ።

“ምን አጠፋሁ?”

“ምንም። የምትፈርመው እሷ ናት፣ አንቺ አይደለሽም።”

“እሺ፣ ዳኛዬ!” ብላ ጆሊን እየሳቀች ወጣችና ከመስታወቱ ውጪ ቆመች።

ታራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ምቺውና ልሂድ በናትሽ።”

“መጀመሪያ መልሺልኝ።”

“ልጆቼ የሚውሉት እሷ በምታስተዳድረው የቤተ ክርስቲያኑ ሕፃናት መዋያ ነው። እዚህ አገር ሌላ መዋያ የታለ? ሥራዬን ጥዬ ቤት ልቀመጥ?”

“ይሄ እኮ ፈቃድ አይባልም፣ ታራ።”

“ታዲያ ሌላ ምን ፈቃድ አለኝ? አዎ፣ በፈቃዴ ነው። እንደዛ ብላለች ብለሽ ጻፊ።”

ሮንዳ ጻፈችና ማህተሙን መታችው። ከሰኞ ወዲህ አስራ ዘጠነኛው ነበር።

ሮንዳ ኩቤክ በዊሎው ቤንድ ከተማ የገበሬዎች ኢንሹራንስ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ለበቆሎ የበረዶ፣ ለጎተራ የእሳት ዋስትና ስትሞላ ትውላለች። ማህተሙ ግን የቢሮው አይደለም፣ የስቴቱ ነው። ፈተና ወስዳ፣ ቃለ መሐላ ፈጽማ ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነች አስራ ስምንት ዓመቷ ነው። የመኪና ሽያጭም ሆነ ኑዛዜ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ በከተማው ሌላ አረጋጋጭ የለም።

በዚህ ሳምንት የመጣው ግን አንድ ዓይነት ወረቀት ብቻ ነው። ሰዉ ራሱ “ስሜን አንሱልኝ” የሚል ስም አውጥቶለታል። ከግንቦት ጀምሮ ፊርማ ሲሰበሰብ ነበር፤ የውርጃ መብት በስቴቱ ሕገ መንግሥት ይጻፍ አይጻፍ ሕዝቡ በኅዳር ድምፅ ይስጥበት የሚል። ደንቡ ታዲያ በየካውንቲው ከተወሰነ ቁጥር ያላነሰ ሰው መፈረም አለበት ይላል። የፈረመ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ በአረጋጋጭ ፊት ቀርቦ ስሙን ማስነሳት ይችላል። የእነ ሮንዳ ካውንቲ ያለፈው በአስራ ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው። ሃያ ስም ከተነሳና የሚተካ አዲስ ፊርማ ካልመጣ ካውንቲው ይወድቃል፤ እሱ ከወደቀ ደግሞ ጥያቄው ከነጭራሹ ድምፅ መስጫው ላይ አይደርስም። የፈራሚዎቹ ዝርዝር ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ጆሊን ሽሮደር ዝርዝሩን ይዛ ከሰኞ ጀምሮ ቤት ለቤት ዞራለች። ዛሬ አርብ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ፊርማ መስጠትም ስም ማስነሳትም አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።

ጆሊን ተመልሳ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ጣፋጭ ዳቦ የሞላበት የካርቶን ሳጥን ከፈተች። “ኮላቺ ነው። የምትወጂው፣ ባለ ፕሪሙ። ሳምንቱን ሙሉ አደከምኩሽ አይደል?”

“አልራበኝም።”

“አኮረፍሽኝ እንዴ? አንቺ እኮ ወገን የለኝም ብለሽኛል።”

“የለኝም። ማህተም የያዘ ሰው ወገን አይይዝም።”

“ጎሽ። እንግዲያው አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ። እሱ ይመጣል፣ ከዚያ ተገላገልሽኝ።”

ሮንዳ ኮላቺውን አልነካችም። የጆሊንን ሳህን ታውቀዋለች። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የሮንዳ ልጅ ኬልሲ ከሆስፒታል ስትወጣ ትልቅ የድንች ወጥ ይዛ መጀመሪያ የደረሰችው ይህችው ጆሊን ናት። አቅፋት አልቅሳለች፣ ከልቧ። “እግዜር ያወቀው ነው” ብላም ሄዳለች።

እሱ ያወቀውን እንጃ፤ ሐኪሞቹ ግን ያውቁ ነበር። ኬልሲ ለኅዳሩ የምስጋና በዓል ወላጆቿ ቤት እንደመጣች፣ በእርግዝናዋ አስራ ስምንተኛ ሳምንት ሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። አባቷ ግሌን በበረዶ መንገድ ዘጠና ማይል ነዳ። ልጁ እንደማይተርፍ ነገሯቸው። ልቡ ግን ይመታል፤ ልቡ እየመታ እጃችንን ብናስገባ ሕጉ ያስረናል፣ ቤታችሁ ሄዳችሁ ጠብቁ አሏቸው። ቤታቸው አልሄዱም። መኪና ማቆሚያው ላይ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጠው፣ ማሞቂያውን ከፍተው ሌሊቱን ጠበቁ። በማግስቱ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣት፣ ያን ጊዜ ሕጉ ፈቀደና አስገቧት። ከነማህፀኗ ነው ያወጡት።

ግሌን ስለዚያ ሌሊት አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። በግንቦት ግን፣ የከብት ጨረታው ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየው ፊርማ ወደሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ሄዶ ፈረመ። ከዚያም የፈረመበትን መስመር፣ ሰባተኛውን፣ ፎቶ አንስቶ ለኬልሲ ላከላት። ስልክ ከገዛ ጀምሮ ፎቶ ሲልክ የመጀመሪያው ነው። ከሥሩ “ላንቺ” ብሎ ጽፎበታል።

ኬልሲ የዚያን ዕለት ለእናቷ ደወለች። “አባዬ ፈረመልኝ። አንቺስ?”

“የኔ ልጅ፣ ማህተም እኮ ይዣለሁ። ወገን አልይዝም።”

“እሺ፣ እማዬ።”

ያ “እሺ” እስከዛሬ ሮንዳ ጆሮ ውስጥ አለ። ማህተም የያዘ ሰው እንዳይፈርም የሚከለክል ሕግ በየትም የለም፤ ይህን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የፈራችው አለቃዋን ነው። እሑድ የምትዘምርበትን መዘምራን ፈርታለች፤ ገበያ ላይ ሰላምታ መነፈግንም ፈርታለች። ፍርሃቷን ማህተም አልብሳ ተቀመጠች።

አሥር ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ። የገባው ግሌን ነው። ጫማው ደረቅ ሆኖ ሳለ ምንጣፉ ላይ ደጋግሞ ጠረገው። ባርኔጣውን አውልቆ ሚስቱ ፊት እንደ ማንም ደንበኛ፣ “ደህና ዋላችሁ” አለ።

“ይኸው ሃያኛችን!” አለች ጆሊን።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሮንዳ የሌላ ሰው ስም ይሆን ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እኔ ግሌን ኩቤክ ይላል።

“ቁርስ ላይ አልነገርከኝም” አለች።

“ቁርስ ላይ አልወሰንኩም ነበር።”

“ማን ወሰነልህ?”

“እኔ የለሁበትም” አለች ጆሊን ፈጥና። “ባሌ ነው ያነጋገረው። እንደ ወንድም።”

የጆሊን ባል የገበሬዎቹን የእህል ጎተራ የሚያስተዳድረው ሰው ነው። ግሌን ዓይኑን ከባርኔጣው ሳያነሳ፣ “ዘንድሮ ጎተራው ጠባብ ነው አለኝ” አለ። “ስንዴው ሊታጨድ አንድ ሳምንት ነው የቀረው፣ ሮንዳ። የት ልጥለው?”

የሮንዳ አፍ ያወጣው የለመደውን ነው። “ለባሌ መምታት አልችልም። ለባል፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለእህት ለወንድም ክልክል ነው።”

“ምን?” ጆሊን ከወንበሯ ተነሳች። “እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?”

“እሱ ነው የሚመጣው መቼ አልሽኝ?”

“እንግዲህ ምን ይደረጋል” አለ ግሌን። “እኔ ሞክሬያለሁ።” ባርኔጣውን ደፋ፤ እጅግ ፈጥኖ ነው የደፋው።

ሮንዳ የዚያን ጊዜ ገባት። ይህን ሕግ ግሌን ያውቀዋል! ከአራት ዓመት በፊት አሮጌውን ፒክአፕ ሲሸጥ ወረቀቱን አልመታልህም ብላው፣ እስከ ካውንቲው ዋና ከተማ ነድቶ ሄዶ አስመትቶ፣ ሦስት ቀን አኩርፏታል። አያውቅም እንዳይባል ያውቃል። አውቆ ነው በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ ከአረጋጋጭ ሁሉ መርጦ እሷ ዘንድ የመጣው። ለጎተራው ጌታ “ሄጄ ነበር፣ ሕጉ ከለከለኝ” ይላል። ለልጁ ደግሞ ስሙ ሰባተኛው መስመር ላይ እንዳለ ይኖራል።

መጀመሪያ ተነስታ ልታቅፈው ቃጣት። ቀጥሎ ግን መረራት። ከማህተሙ ጀርባ የተደበቀችው እሷ ብቻ መስላት ኖሮ፣ ለካ ባሏም ቦታ ይዟል። እሱ ፈርሞ ፈራ፤ እሷ ሳትፈርም ፈራች።

“ሌላ የሚመታ ሰው የለም?” አለች ጆሊን ሰዓቷን እያየች። “እስቲ አስቢ፣ ሮንዳ።”

ግሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ዝም በይ ነው የሚላት ዓይኑ። ዝም ብትል ነገሩ አለቀ፤ ካውንቲው አይወድቅም፣ ስንዴው ጎተራ ይገባል፣ ማንም ምንም አይሆንም። ጆሊን የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ማህተም እንዳላት አታውቅም።

“የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አለች” አለች ሮንዳ። “እስከ አስራ አንድ ሰዓት ትሠራለች። ሠላሳ አምስት ማይል ነው፣ ግሌን። አሁን ከተነሳህ ትደርሳለህ።”

ሞኝነት ነው ይባል ይሆናል፤ እሷ ግን ከማህተሙ ጀርባ መደበቅ በቅቷት ነበር። እንደ አስራ ዘጠኙ ሁሉ እሱንም መጠየቅ ነበረባት፤ ለባሏ ስትል ጥያቄውን ብትውጠው ኖሮ ታራን ያንን ሁሉ ያናገረቻት ለምንድነው?

“በፈቃድህ ነው?” አለችው።

“ሮንዳ፣ እባክሽ።”

“ሁለት ወዶ አይሆንም። በፈቃድህ ከሆነ ሂድ። ካልሆነ እዚህ፣ በሷ ፊት፣ አልሆነም በል።”

ግሌን ጆሊንን አየ። ወረቀቱን አየ። ኬልሲን ይዞ ያደረባቸው እጆቹ መልሶ ባወለቀው ባርኔጣ ጠርዝ ላይ ወጡ ወረዱ። ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወጣ።

“ጨክነሻል” አለች ጆሊን። “በሰው ፊት?”

ሮንዳ ማህተሙን ከረጢቱ ውስጥ ዘግታ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈችበት። ቦርሳዋን አነሳች። “ሳጥንሽን ያዥ፣ ጆሊን። ልዘጋ ነው።”

“አስራ አንድ አልሞላም እኮ! ወዴት ነው?”

“ፊርማ የሚሰበስቡት ዛሬ የት ናቸው?”

የጆሊን ፈገግታ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። “አለቃሽ ሳይመሽ ይሰማል፣ ታውቂያለሽ” አለች። “እሑድስ መዘምራኑ መሐል በምን ዓይንሽ ትቆሚያለሽ?”

“በዚሁ ባለኝ ዓይን።”

ጠረጴዛው ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የዛፍ ጥላ ሥር ነበር። አንዲት ሸምገል ያለች መምህርት ብቻዋን ተቀምጣ በወረቀት ራሷን ታራግባለች። ሳምንቱን ሙሉ አዲስ ፈራሚ አላየችም። ሮንዳን ስታይ ብድግ አለች።

“ሮንዳ ኩቤክ! የግሌን ባለቤት አይደለሽ? የሱ ስም ስንቱን አደፋፍሮልናል መሰለሽ። እሱ ከፈረመ እኔ ምን ያስፈራኛል እያሉ ነው የፈረሙት።”

ሮንዳ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ከመንገዱ ጫፍ፣ መስቀለኛው ላይ፣ የባሏ ፒክአፕ ቆሞ ነበር። ወደ ግራ ቤት ነው፣ ወደ ቀኝ ፍርድ ቤት። ምንም መኪና ሳይመጣበት ብዙ ቆመ። ከዚያ የቀኙ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ።

“ስሙ አሁንም እዚያው አለ አይደል?” አለች መምህርቷ።

“እስከ አስራ አንድ ሰዓት አለ” አለች ሮንዳ። ጎንበስ ብላ፣ ማህተሟ ላይ እንደተቀረጸው፣ ሙሉ ስሟን ጻፈች።