ወለተ ኢየሱስ ማን ናቸው?

ጌጡ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ባል ነበር፤ የወረቀት ነገር ላይ ግን ዝርክርክ ነው። ዶዘር ነጂ ሆኖ ሲቀጠር ድርጅቱ የሕይወት መድን ገባለት። "ብትሞት ገንዘቡን ማን ይውሰድ?" ቢሉት እናቱን አስመዘገበ። ያኔ ገና አላገባም ነበርና ሚስቱ ጥሩሸዋ በዚህ አልተቀየመችውም። ያናደዳት እናቱ ካረፉም በኋላ ሳያስለውጠው መኖሩ ነው። አምና እሱም በአጭር ሕመም ተከተላቸው።

"ችግር የለውም" አላት የመድን ሠራተኛው፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዳ ስትጠይቀው። "እናቱ ቀድመው ካረፉ ገንዘቡ ለወራሹ፣ ለልጃችሁ ለጽናት ነው። የእናቱን የሞት ምስክር ወረቀት ብቻ አምጪ።"

ጥሩሸዋ እየከነፈች ቀበሌ ሄዳ አወጣች። ጽናት የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ነው። ገንዘቡ ካልመጣ ከጥማዱ አንዱ በሬ መሸጡ ነው፤ ገዢውም ተገኝቷል። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስ፣ መሬቱ ለእኩል አራሽ መሰጠቱ ነው። ሠራተኛው ግን ወረቀቱን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ።

"ይሄ እኮ የወይዘሮ ጌታነሽ ነው። ውሉ ላይ ያሉት ወለተ ኢየሱስ ናቸው። ወለተ ኢየሱስ ማን ናቸው?"

ለጥሩሸዋ ነገሩ ወዲያው ገባት። ጌጡ ልጅነቱን ያሳለፈው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። የሞት ነገር ሲያነሱበት የቀበሌ ስም ምን ይሠራል ብሎ የእናቱን የክርስትና ስም ሰጥቷቸዋል! "ምነው አንተ ሰው፣ የጸሎት ስም መዝጋቢ መሰሉህ?" ብላ ሟች ባሏ ላይ ጮኸች። ሠራተኛው እሱን የተቆጣች መስሎት ደነገጠ።

"ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ያረጋግጥልሽ" አላት ቀስ ብሎ። "ሁለት ሦስት ምስክር ይበቃል።"

ጥሩሸዋ ለአማቷ የንስሐ አባት ለመምሬ መርስዔ ኃዘን ነገረቻቸው። እሳቸውም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ "ወለተ ኢየሱስን የምታውቁ ሁሉ ረቡዕ ቀየት ከተማ፣ ፍርድ ቤት!" ብለው አወጁ። ረቡዕ ጠዋት ግማሹ አጥቢያ ጋቢውን ደርቦ ከተፍ አለ። ለቀብር ያልመጣ ዘመድ ሳይቀር መጣ። ችሎቱ ሞልቶ የተረፈው በመስኮት ተንጠለጠለ። ጥሩሸዋ ዳኛዋ ተቆጥታ ሁሉንም እንዳታስወጣ ፈርታ ላብ በላብ ሆነች።

ወጣቷ ዳኛ መምሬን ጠየቀች። "ወይዘሮ ጌታነሽ ወለተ ኢየሱስ መባላቸውን በምን ያውቃሉ?"

"የንስሐ ልጄ ነበረች፤ ፍትሐት ያደረስኩላት በዚሁ ስም ነው።"

"በፍትሐቱ ላይ ምን ብለው ጠሯቸው?"

መምሬ ጸሎት በደረቁ መናገር አይሆንላቸውም። ተነሡ፤ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ መስቀላቸውን አወጡና በዚያ ወፍራም ድምፃቸው በዜማ ለቀቁት።

"እግዚኦ አዕርፍ ነፍሰ አመትከ ወለተ ኢየሱስ!"

ሕዝቡ አንድ ላይ ግር ብሎ ተነሣ። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!" የጣራው ቆርቆሮ አስተጋባ። ፖሊሱ ቆቡን አወለቀ። ዳኛዋም ሳይታወቃት ቆማ አማተበች።

ዜማው አለቀ። ዳኛዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ፊቷን በመዝገቡ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ሌላ ምስክር አያስፈልግም" አለች በመጨረሻ።

"እኔስ? ከነጋ እግሬ እስኪነቃ ተጉዤ?" አሉ አንዲት አሮጊት ከኋላ፤ ያኔ ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጥሩሸዋ ውሳኔውን ይዛ ወጣች። ወረቀቱን ደጋግማ ሳመችው። "መምሬ፣ ያ ሰውዬ ጌታነሽ ብሎ ቢያስመዘግብ ኖሮ ይሄ ሁሉ እንግልት አይመጣም ነበር" አለች።

"አይመጣም" አሉ መምሬ። "አገሩ ሁሉ ቆሞ፣ ዳኛ ሳይቀር አማትቦ፣ ለእናቱ ነፍስ ምሕረት አይለምንም ነበራ።"

ጥሩሸዋ ከችሎቱ የሚወጣውን ሕዝብ ቀና ብላ አየች። ጌጡ ከሞተ ወዲህ ሳትቆጣው ስታስበው ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ናፈቃት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ከሕዝቡ መሀል ወደ ቆመችው ልጇ ዞራ በሳቅ ተጣራች።

"ጽናት! ለዚያ ለበሬ ገዢ ደውዪለት፤ ሐሳባችንን ቀይረናል በይው!"