የሌዘርተን ሽምግልና

"ይሄ ምንድነው?" አለች ከንቲባዋ ዶሪስ፣ በፌስታል የተጠቀለለውን ድፎ ዳቦ በምክር ቤቱ ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አድርጋ።

ሐምራዊት ለአባቷ ልትተረጉምለት ጠጋ አለች። አያሌው ግን ትርጉም አላስፈለገውም። ዳቦው ሳይቆረስ ተመልሷል፤ ከዚህ ወዲያ ስድብ የለም።

ሌዘርተን ፒከሪንግተን ከምትባል ከተማ አለፍ ብላ የምትገኝ፣ አራት መቶ ሰው የማይሞላባት መንደር ናት። ከንቲባ አላት፣ ምክር ቤት አላት፤ ደንቧማ ከሕዝቧ ይበልጣል። አያሌው አምና ሊንደን የነበረውን አፓርታማ ለቆ እዚህ ቤት የገዛው ለግቢው ስፋት ሲል ብቻ ነው፤ ትልቁን የጭነት መኪናውን ደጁ አቁሞ ቤቱ ሊያድር። ከዚያ በፊት የአፓርታማው ግቢ የጭነት መኪና ስለማያስገባ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ራቅ ብሎ ግሮቭ ሲቲ፣ መጋዘኖቹ አጠገብ፣ መኪናው ውስጥ እያደረ ልጁን የሚያያት እሁድ እሁድ ነበር። ሚስቱ ጽጌረዳ ያለቻቸውን አንድ አውቶሞቢል ይዛ የሌሊት ሥራ ስለምትገባ የሚያመላልሰው አልነበረም። አሁን ጎረቤት "መኪናው ከመንደሩ ይውጣ" ብሎ ከሰሰ፤ የሚወስኑት ደግሞ ዶሪስና ምክር ቤቱ ናቸው።

እሱም ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ሽማግሌ ላከ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ለማና ሁለት ጓደኞቻቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ለበሽታ ጥንቃቄ ማስክ አጥልቀው፣ ዳቦ ይዘው የዶሪስን በር አንኳኩ። ሴትየዋ በመስኮት አየቻቸውና ፖሊስ ጠራች። የሰባ ሁለት ዓመቱ ጋሼ ለማ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው አስፋልት ዳር ቆሙ። ጉድ በል ያገሬ ሰው! እርቅ ሊለምን የሄደ ሽማግሌ እንደ ሌባ ሲፈተሽ!

"ከውሳኔ በፊት ቤቴ ድረስ ሦስት ሰው ልኮ አስፈራራኝ" አለች ዶሪስ ለምክር ቤቱ። "ስጦታም አቀረበልኝ። ይህ ጉቦ ነው።"

"ዳድ፣ ብራይብ ነው እያለች ነው" አለች ሐምራዊት። "ሽማግሌን ምን ብዬ ትራንስሌት ላድርገው?"

"ሊለምኑሽ ነው የመጡት በያት። እኛ ጋ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል፤ ባዶ እጅ ደግሞ ሰው ቤት አይኬድም።"

ሐምራዊት እንዳላት ተረጎመች። የምክር ቤቱ አባላት ወረቀታቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ።

ከዶሪስ ጀርባ የመንደሩ ማኅተም ተሰቅሏል፤ አራት ፈረስ የሚጎትተው የጭነት ጋሪ። ስብሰባው ሲከፈት ራሷ ታሪኩን በኩራት አንብባ ነበር፤ ከእንግሊዝ አገር፣ ሌዘርተን ከምትባል ትንሽ የገጠር መንደር የመጡ ሰባት ባለጋሪዎች እህል ሲያመላልሱ ኖረው እዚህ ሰፈሩ ብላ። አያሌው በጣቱ ወደ ማኅተሙ አመለከተ።

"እነዚያ ሰዎች ጋሪያቸውን የት ነበር የሚያቆሙት በያት።"

ሐምራዊት ስትጠይቃት ኋላ የተቀመጠ አንድ አዛውንት ፈረንጅ ሳቀ። ዶሪስ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

"እኛ እዚህ ሁለት መቶ ዓመት ኖረናል። አንተ አንድ ክረምት!"

ከዚያ ከመንደሩ ጠበቃ ጋር ተንሾካሾከችና አንድ ወረቀት ገፋ አደረገችለት። ሐምራዊት አነበበችው፤ ሽማግሌዎቹን በፖሊስ ማስፈተሿ እንዳያስጠይቃት የተጻፈ ነው። ሦስቱ ሰዎች የመጡት ለማስፈራራትና ጉቦ ለመስጠት መሆኑን አምኖ ከፈረመ፣ መኪናው ግቢው ውስጥ ይቆማል፤ ካልፈረመ ከመንደሩ ይወጣል።

"ሳይን አድርገው፣ ዳድ" አለች እጁን ይዛ። "ደግሞ እሁድ ብቻ ልትመጣ ነው?"

ጋሼ ለማ ከኋላ ወንበር ተነሱ። "ፈርም ልጄ። የእኔን ነገር ተወው፤ አርጅቻለሁ።"

አያሌው እስክሪብቶውን አነሳ። ዲቪ ደርሶት የመጣ ቀን ከኤርፖርት የተቀበሉት፣ አራት ወር ሳሎናቸው ያስተኙት እኚህ ሰው ናቸው። እሳቸውን በፊርማው ወንጀለኛ ሊያደርግ ነው! እስክሪብቶውን አስቀመጠና ዳቦውን ብድግ አደረገ።

"ሽማግሌ ጉቦ አይደለም በያት።"

ሐምራዊት ቃል በቃል ተረጎመችላት።

"ጋሼ፣ ይምጡ እንሂድ" አለ። ዳቦውን በብብቱ ይዞ፣ በሌላ እጁ የልጁን ትከሻ አቀፈ። "አንቺም እንግዲህ እሁድ ጠብቂኝ።"