በደረቷ የተኛችው ተርኪ

ሃርላን በምስጋና ቀን ጠዋት እጁን ተርኪ ወደሚሏት ትልቅ የበዓል ወፍ ሆድ ሲሰድ የጠበቀው በረዶ ነበር። ከላይ ሲነኳት ለስልሳለች፤ ውስጧ ግን ድንጋይ ነው። ከፍሪዘር አውጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጣት ከትናንት በስቲያ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ተራራም ይቀልጣል ብሎ አስቦ። ጣቶቹን አውጥቶ ብብቱ ሥር ከተታቸውና ወጥ ቤቱ መሃል ቆመ።

ባለቤቱ ማርሊስ የሞተችው በሚያዝያ ነው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የበዓሉ ተርኪ የእሷ ሥራ ነበር፤ የሃርላን ድርሻ ከጋራዡ ተጨማሪ ወንበር ማምጣትና መብላት ብቻ። ማርሊስ ወጥ ቤት ውስጥ ቆራርጣ፣ በትልቅ ሳህን ደርድራ ስለምታቀርብ፣ ዕድሜውን በእህል መኪና መሪ ላይ የፈጀው ባሏ ሙሉ ተርኪ ቆም ብሎ አይቶ አያውቅም።

በመከር ወራት ልጁ ኮሪን ደውላ፣ "አባዬ፣ ከእንግዲህ በዓሉን እኛ ጋ ከተማ እናድርገው። ደህና ሬስቶራንት አለ፤ ማንም አይደክምም" ስትለው፣ ያላሰበው ነገር ከአፉ አመለጠ። "ዘንድሮ እዚሁ ኑ። እኔ እጠብሳለሁ። ካበላሸሁት በየዓመቱ ያልሽኝ ቦታ እመጣለሁ።" ምን እንዳስያዘ የገባው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው። ያ ቤት በሰው ድምፅ የሚሞላበት የቀረው ቀን ይህ ነበር። ይህም ቀን ከቀረ የሚሰማው የፍሪጁ ጉርምርምታ ብቻ ነው።

የኋላው በር ተንኳኳ። ጎረቤቱ ቬርና ናት፤ እህቷ ቤት ልትሄድ ካፖርቷን ለብሳ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዛለች።

"አንተ ሃርላን፣ እጅህ ምነው እንደ ቲማቲም ቀላ?"

"ውስጧ በረዶ ነው።"

"ዋ! ምድጃ ጎን አስቀምጬ ላሙቃት እንዳትል፤ በዓሉን ሆስፒታል ትውላላችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከራት፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይር። በረዶው ሲለቅ ተቆርጦ የተከተተውን አንገቷን ከሆዷ አውጣ። ከዚያ ጥሩ አድርገህ አድርቃት፤ እርጥብ ቆዳ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። ቅቤ ቀባት። አንዴ ከገባች ደግሞ የኦቭኑን በር አትንካ! ወንዶች በየደቂቃው እየከፈታችሁ ሙቀቱን ታባርሩና 'ለምን አልበሰለም' ትላላችሁ።"

"ታዲያ መብሰሏን በምን አውቃለሁ?"

"ደረቷ ላይ ፋብሪካው የሰካት ትንሽ ቀይ የፕላስቲክ ቁልፍ አለች። ሥጋው ሲበስል ብቅ ትላለች። ይህን ጅል እንኳ አይስተውም።"

የተባለውን ሁሉ አደረገ። ውሃ ቀየረ፣ አንገቷን አወጣ፣ እንደ ሕፃን በፎጣ አደረቃት፣ ቅቤውን በመዳፉ ቀባት። በትሪው ላይ እንዴት እንደሚያስቀምጣት ግን ቬርና አልነገረችውም፣ እሱም አልጠየቀም። ወፍ ስትቀመጥ በሆዷ ነው፤ እንደዚያው አስቀመጣትና በሩን ዘጋ።

እኩለ ቀን ላይ ቤቱ በጥብስ መዓዛ ተሞላ። ሃርላን የእጅ ባትሪ ይዞ ከኦቭኑ መስታወት ፊት ተንበርክኮ ቁልፏን ሲፈልግ፣ ኮሪንና ባሏ ረስ ገቡ።

"አባዬ! እየጸለይክ ነው እንዴ?"

"ቁልፏን እየጠበቅኩ ነው።"

"እኔማ ለማንኛውም መንገድ ላይ ሳንድዊች ልግዛ ብል ከለከለችኝ" አለ ረስ፣ ካፖርቱን እያወለቀ።

"ዝም በል አንተ!" አለች ኮሪን፤ ግን እሷም ሳቀች።

ጠበቁ። የተፈጨው ድንች ቀዘቀዘ፤ እንደገና ሞቀ፤ እንደገና ቀዘቀዘ። ረስ የወይራ ፍሬውን ሳህን ባዶ አደረገው። ሃርላን ባትሪውን ይዞ ተመላለሰ፤ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ኮሪን በሩን ልትከፍት እጇን በዘረጋች ቁጥር "ሙቀቱ ይወጣል!" እያለ መለሳት። በመጨረሻ ከቦርሳዋ የሥጋ ቴርሞሜትር አወጣች።

"እንደማበላሸው አውቀሽ ነው ይዘሽ የመጣሽው?"

"ያለዚህ እኔም ደፍሬ አልጠብስም። ዞር በል አባዬ።" ከፈተችው። ጎንበስ ብላ አየች። "አባዬ... ይቺ ወፍ በደረቷ ነው የተኛችው።"

"ታዲያስ?"

"ቁልፏ ደረቷ ላይ ናታ! ከትሪው ጋር ተጣብቃ በየት በኩል ብቅ ትበል?"

ረስ ፊቱን በናፕኪን ሸፈነ። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኮሪን ቴርሞሜትሩን የተርኪዋ ጭን ላይ ሰካችና "ከበሰለች ቆይታለች" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በሁለት ፎጣ ይዘው ገለበጧት። የደረቷ ቆዳ ነጭ፣ የተጨማደደ፣ የትሪው ሽቦ የታተመበት ነበር። በአንገቷ ቀዳዳ በኩል የወረቀት ከረጢት ጫፍ ወጥቶ ይታያል።

"አንገቷን እኮ አውጥቻለሁ!"

"ጉበቷና ልቧ በከረጢት ታሽገው በዚህ በኩል ነበሩ። ወረቀት ነው፤ አይገድለንም።" ከረጢቱን በሹካ ስባ አወጣችው።

ሃርላን ወደ መስኮቱ ዞረ። ቅስሙ ተሰብሮ ነበር። "እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው። ለከርሞ እናንተ ጋ እመጣለሁ።"

ኮሪን የኦቭኑን የላይኛውን እሳት ለኩሳ ነጩ ቆዳ እስኪቀላ ተርኪዋን ከሥሩ አቆየቻት፤ ከዚያ አውጥታ ጣውላው ላይ አሳረፈቻት። ረስ ቢላ ይዞ ሲጠጋ እጁን መታችው። "ትረፍ! አሁን ከቆረጥካት ውሃዋ ሁሉ ጣውላው ላይ ይቀራል።" እስከዚያ ትሪው ላይ የቀረውን ጭማቂ በዱቄት አማስላ ስጎ ሠራች።

በመጨረሻ ደረቷን ስትቆርጥ በቢላዋ ሥር ጥርት ያለ ጭማቂ ፈሰሰ። ቁራጭ አንስታ ቀመሰችና ማኘኳን አቆመች።

"አባዬ፣ ቅመስ።"

"ዝም ብለሽ ንገሪኝ።"

"ቅመስ አልኩህ እኮ!"

ቀመሰ። ሥጋው ለስላሳ ነበር፤ ሳይታኘክ ይወርዳል። ከጀርባዋና ከእግሮቿ የቀለጠው ስብ ቀኑን ሙሉ ወደ ታች፣ ወደ ደረቷ ሲንጠባጠብ ውሏል።

"የእማዬ እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም" አለች ኮሪን።

"የእናትሽን ተርኪ አታንቋሽሺ!"

"ራሷ አልነበረች የምትለው? 'ስጎ የተፈጠረው ለእኔ ተርኪ ነው' እያለች?"

ሃርላን ሊከራከር አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ዓመት የስጎው ማሰሮ እንዴት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር እንደነበር፣ ራሱም ደረቁን ሥጋ ለማራስ ሳህኑን እንዴት ያጥለቀልቀው እንደነበር ትዝ አለውና ሳቁ ቀደመው። ከሚያዝያ ወዲህ ያን ያህል አልሳቀም፤ ዓይኑን በጨርቅ ጠረገ።

ከመብላታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው እያንዳንዳቸው የሚያመሰግኑበትን ተናገሩ። ረስ ሳንድዊች ስላልገዛ አመሰገነ። ኮሪን አባቷ እምቢ ስላላት አመሰገነች። ሃርላን በየዓመቱ የሚላት አንዲት ቃል ነበረችው፤ ሁሉም አብረውት በከንፈራቸው የሚሏት፣ ማርሊስም ሁልጊዜ ከወዲያኛው የጠረጴዛ ጫፍ የምትመልስላት።

"ምስጋናዬ ለተርኪዋ" አለ።

መልሱ ይመጣበት የነበረው ወንበር ባዶ ነው። ሃርላን ሹካውን ጨበጠ፤ ቀና ማለት አልቻለም።

"ሰምታሃለች" አለች ኮሪን፣ ልክ እንደ እናቷ።

ሲመሽ ረስ መኪናውን እያሞቀ፣ ሃርላን የተረፈውን ሥጋ በፎይል ጠቅልሎ እስከ በሩ ተከተላቸው። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ነገር ሲያይ ተጣራ።

"ኮሪን! ቴርሞሜትርሽን ረስተሻል።"

"አልረሳሁትም" አለች፣ ደረጃውን እየወረደች። "መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው። ለከርሞ ስንመጣ ያስፈልገናል። እና አባዬ፣ አደራ፣ በደረቷ አስተኛት!"