አሳባቂዋ ሰዓት

እትዬ መዶሻ ሰዓት ማሰር ከተዉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሶፋ የሚያለብስ ሰው ክንዱ ላይ የሚታሰር ነገር አይወድም፤ ስፖንጅ ሲያስገባ ይይዝበታል፣ ጨርቅ ሲወጥር ክር ይመዝበታል። ደግሞም ጊዜውን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልጋቸውም ነበር። ወገባቸው መቆርጠም ሲጀምር ቀትር ነው፣ ጣታቸው አልታዘዝ ሲል መዝጊያ ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም አላቸው፤ ሰፈሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከሱቃቸው የሚሰማውን ድምፅ ሰምቶ መዶሻ ብሎ አጸደቀባቸውና እሳቸውም ተቀበሉት።

ይቺኛዋን ሰዓት ወደው አላሰሯትም። ከሱቁ ጓሮ ባለችው ክፍላቸው ብቻቸውን ሲኖሩ፣ ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት አንሸራቷቸው ወደቁና የሚያነሳቸው አጥተው ብዙ ቆዩ። ልጆቻቸው መጀመሪያ አለቀሱ፤ ቀጥሎ እርስ በርሳቸው ተጣሉ፤ በመጨረሻ አንድ ላይ ሆነው እሳቸው ላይ መጡ። መድን ድርጅት የሚሠራው ትልቁ ልጃቸው፣ ሱቁን ዘግተው እሱ ፎቅ ላይ ካለው ቤቱ እንዲገቡ ፈለገ። እሳቸው ደግሞ ከሰው ቤት በረንዳ ላይ እንደታጠበ ልብስ ተሰጥቼ አልውልም አሉ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ስምምነት ተደረገ። ሰዓቷን ያስራሉ፤ ሁለተኛ ከወደቁ ግን ያለ ምንም ክርክር ሱቁ ይዘጋል፣ እሳቸውም ልጃቸው ቤት ይገባሉ። ከመከራከር መውደቅ ይቀላል ብለው እሺ አሉ።

ሰዓቷ ሥራዋ ማሳበቅ ነው። የሚወድቅ ነገር የተሰማት እንደሆነ ትንቀጠቀጥና «ከባድ ውድቀት ተከስቷል። ደህና ነህ?» የሚል ጽሑፍ ታወጣለች። ከሥሩ «ደህና ነኝ» የምትል አረንጓዴ ምልክት አለች። እሷን የነካት ከሌለ ወዲያው ለትልቁ ልጅ ትደውላለች፤ ብትነካም እንኳ ሰዓቷ ጥርጣሬዋን ለልጁ በጽሑፍ ሳትልክ አታድርም። እትዬ መዶሻ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን ሲያነቡ መጀመሪያ የታያቸው ያ «ነህ» የሚለው ነገር ነበር። «ሴት መሆኔን ያላወቀች መውደቄን በምን ታውቃለች?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። ልጁም ለሁሉም እንዲሁ እንደሚል አስረዳቸው፤ ማስረዳት ይወዳል።

በማግስቱ የወንበር ጀርባ እየመቱ ሳለ ሰዓቷ ተንቀጠቀጠች። የመዶሻውን ምት ውድቀት ነው ብላ መያዟ ነው። እትዬ መዶሻ አንድ እጃቸው መዶሻ፣ አንድ እጃቸው የተወጠረ ጨርቅ ይዟል፤ አፋቸው ደግሞ እንደ ልማዳቸው በትንንሽ ሚስማር ተሞልቷል። ጨርቁን ቢለቁት የጠዋቱ ድካም ሁሉ ውሃ በላው። ሰዓቷን ሳይነኩ መምታታቸውን ቀጠሉ። ወዲያው ከክንዳቸው የልጃቸው ድምፅ «እማዬ! እማዬ!» ሲል ወጣ። አፋቸውን ሳይከፍቱ «እምም» አሉት፤ ልጁም ይህን የጣር ድምፅ አድርጎ ሰማው። ጎረቤታቸው ሞባይል ሠሪው ከልጁ ተደውሎለት ጠመንጃ መፍቻውን እንደያዘ እየሮጠ ገባ፤ ሁኔታው ግን ጠመንጃውን ራሱን የያዘ ይመስል ነበር። ትልቁ ልጅ ስብሰባ ጥሎ ከረባቱ ጀርባው ላይ ዞሮ ሲደርስ፣ እትዬ መዶሻ የመጨረሻዋን ሚስማር ከአፋቸው አውጥተው መትተው ነበር።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሱቁ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ሞባይል ሠሪው የዛሬ ዕቃ ሲሠራም እንዲበላሽ ተደርጎ ነው የሚል እምነት አለው፤ ባይበላሽ ኖሮ እኔስ ምን እበላ ነበር ይላል። የራሱ ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቆ በላስቲክ ታስሯል፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እሱ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ትንሿ ልጃቸው እናቷን ደግፋ ቆመች። ስልኳ ግማሽ ባትሪ አለኝ እያለ ድርግም ይልባታል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ደግሞ ልብሷን ውጦ በሩን አልከፍትም ብሎ ሁለት ጊዜ አስለቅሷታል። ትልቁ ልጅ በበኩሉ ማሽን አይዋሽም፣ የሚሳሳተው ያዡ ነው ባይ ነው። ወንበር ሊያሠራ የሚመጣው ደንበኛም ሁሉ የራሱን አስተያየት ከወንበሩ ጋር አብሮ ይዞ ይገባል። አንዱማ አባቴ የገዛው ሬዲዮ እስከ ዛሬ ይሠራል ብሎ ጠዋቱን ሙሉ ያንኑ ሬዲዮ ሲያወድስ አረፈደ።

እትዬ መዶሻ ለማንም አላደሉም። የድሮ ዕቃ የሚያወድስ ሰው የዕቃውን ሆድ ከፍቶ አይቶ አያውቅም ይላሉ። እሳቸው ከፍተውታል። በድሮ ሶፋ ውስጥ የበሰበሰ ጆንያና የአይጥ ጎጆ አግኝተዋል፤ በአዲሱ ውስጥ ደግሞ ካርቶን። ሁለቱም ከላይ ሲያዩዋቸው ያማሩ ነበሩ። ይህን ለደንበኛው ነገሩትና ሰውየው ቅር ብሎት ሄደ።

ትልቁ ልጅ ግን እጅ አልሰጠም። የውስጥ ፕሮግራሟን አሳድሶ አፕዴት አደረጋት። ሰዓቷ ጭራሽ ባሰባትና ጨርቅ ሲያራግፉም ትጮህ ጀመር። ከሚመቱበት እጅ አውልቆ በሌላኛው ቢያስርላቸው ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ ጨርቅ የሚወጥሩት በዚያኛው እጅ ነውና በየውጥረቱ ደህንነታቸውን ትጠይቃለች። በመጨረሻ እትዬ መዶሻ መላ አበጁ። ሰዓቷ ስትንቀጠቀጥ ክንዳቸውን ወደ ፊታቸው ያነሱና ሳያዩ አረንጓዴዋን በአገጫቸው ጫን ያደርጓታል። እየቆየ ዝንብ እንደማባረር ያለ ነገር ሆነ፤ ማድረጋቸውንም አያውቁትም።

ልጁም ደከመው። አለቃው ከስብሰባ መሃል እየተነሳ ስለሚወጣ ገሥጾታል፤ ሚስቱ ማዕድ ላይ ስልክህን አስቀምጥ ብላ አኩርፋለች። መጀመሪያ ሰሞን ሲደውል «እማዬ፣ ወደቅሽ እንዴ?» ይል ነበር፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ኋላ ላይ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ወደሚለው ዝቅ አለ። አሁን አሁንማ ሰላምታም የለ፤ «መዶሻ ነው አይደል?» ይላል። «መዶሻ ነው» ይሉታል፤ ስልኩም ይዘጋል። እትዬ መዶሻ በልጃቸው አልፈረዱበትም። ሰው ስንት ጊዜ ይደነግጣል?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ከግድግዳው አስጠግተው ጀርባውን እያለበሱ ነበር። መቀስ ለማንሳት ዘወር ሲሉ መሬት ላይ የተጠቀለለው የሶፋ ጠፍር እግራቸውን ያዘው። የሚይዙት ነገር ፈለጉ፤ እጃቸው ያገኘው በሚስማር ገና ያልተመታ ጨርቅ ነበረና አብሯቸው ወረደ። በግራ ዳሌያቸው ሲሚንቶው ላይ ዐረፉ።

ሰዓቷ ተንቀጠቀጠች። ክንዳቸው ተነሳ፣ አገጫቸው ጫነ። ደህና ነኝ ካሉ በኋላ ነው መውደቃቸውን ያወቁት።

በሶፋውና በግድግዳው መሃል ተጋድመው ጣሪያውን አዩ። ሕመሙ ቀስ ብሎ መጣ፤ ከዳሌያቸው ተነስቶ እስከ ጉልበታቸው ወረደ። ከወዲያ ማዶ ሞባይል ሠሪው ከደንበኛ ጋር ስለ ባትሪ ሲከራከር ይሰማቸዋል። አንድ ጊዜ ቢጣሩ ይመጣል። ከመጣ ደግሞ ለልጁ ይደውላል፤ ሰውየው ምስጢር የሚባል ነገር አይቀመጥለትም። ስምምነቱ ታወሳቸው። ፈሩ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደሆነ ከመፍራት ይልቅ ያንን የልጃቸውን ፎቅ ሊፍትና ያንን በረንዳ ፈሩ። ይህን እያሰቡ ሳለ ክንዳቸው ጮኸ።

«መዶሻ ነው አይደል?» አለ ልጃቸው።

ከድምፁ ጀርባ ብዙ ሰው ያወራል። ድካሙ ይሰማል። እንደ ተጋደሙ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉና፣ «መዶሻ ነው» አሉት።

ልጁ አልዘጋም። በቃኝ አለ። ይቺ ዕቃ እሱንም እሳቸውንም እንዳሰቃየች፣ ዛሬውኑ ከሥራ ሲወጣ የገዛበት ሱቅ ሄዶ እንደሚነጋገር፣ ከዚያም መጥቶ እንደሚወስዳት ነገራቸው። እሺ አሉት። ከዚያ የሶፋውን ክንድ ይዘው፣ ተንበርክከው፣ እንደገና ዐርፈው፣ ብዙ ቆይተው ተነሱ። ያያቸው የለም። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ደስ ግን አላላቸውም።

ልጁ ሊመሽ ሲል መጣ። እትዬ መዶሻ ያንኑ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። የደንበኛ ዕቃ ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ ነውር ነው ይላሉ። ልጁ ይህን አላስተዋለም። ሊስሙትም አልተነሱም፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሳማቸውና ሰዓቷን ከክንዳቸው ፈትቶ የመጣችበት ካርቶን ውስጥ መልሶ አስቀመጣት። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ብሎታል።

ሱቅ ቤቱ የሆነውን እየሳቀ አወራቸው። ሻጩ አልመልስም ብሎ ሙግት ገጥሞ ነበር። ዕቃችን አይሳሳትም፣ ምናልባት እናትህ እየወደቁ ይደብቁህ ይሆናል፣ ትልልቅ ሰዎች እኮ እንዲህ ያደርጋሉ አለው። በዚህ ጊዜ ልጁ ደሙ ፈላ። በሰው ፊት ባንኮኒውን በእጁ መታ።

«ምን አልኩት መሰለሽ? እናቴ ትሙት፣ ካሰረቻት ወዲህ አንድም ቀን አልወደቀችም፣ እናቴ ውሸት አታውቅም አልኩት።»

ሻጩም ዕቃውን እቀበላለሁ ብሏል። ልጁ ቀጠለ። እሱ ቤት የመግባቱንም ነገር በቃ ተይው አላቸው፤ እዚሁ ሁኚ፣ እዚሁ ሥሪ። ከእናቱ ቃል የማሽን ቃል ማመኑ አሳፍሮታል። ይቅርታ ጠየቃቸው።

እናቴ ትሙት የሚባለውን መሐላ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ለስንት ጥቃቅን ነገር ይምልበታል። ትልቁ ልጃቸው ግን መሐላ አይወድም፤ ልጅ ሆኖ እንኳ ብስክሌት ሰብረሃል ተብሎ ሲያዝ በእናቱ አልማለም፣ መመታቱን መርጧል። አሁን ግን በሙሉ ልቡ፣ በሰው መሃል ማለ። የፈለጉት ሁሉ እጃቸው ገብቷል፤ ሱቁም፣ ክፍሏም። እትዬ መዶሻን ያስፈራቸው ሞት አልነበረም። ይህን ንጹሕ ልጅ በሐሰት ማስማላቸው ነው ያንገበገባቸው።

«ልጄ፣ በእኔ አትማል» አሉት።

«ምን ችግር አለው?»

«ወድቄያለሁ።»

ልጁ ካርቶኑን እንደያዘ ቆመ። መቼ ብሎ ጠየቃቸው።

«ዛሬ። መዶሻ ነው ስልህ መሬት ላይ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?» ድምፁ ቁጣም ልመናም ነበረው።

እትዬ መዶሻ ሊዋሹ አልፈለጉም፤ ሊያስከፉትም አልፈለጉም። ደክሟቸው ነበርና የመጣላቸውን ተናገሩ። «አንተ መዶሻ ነው አይደል አልከኝ» አሉ። «ወድቀሽ እንደሆነ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ካርቶኑ ላይ ነበር። ቀና ሲሉ ግን የልጃቸውን ፊት አዩትና ምነው ባልተናገርኩ አሉ በልባቸው። ልጁ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። ከፊታቸው ቁጢጥ አለ፤ እጁን ወደ ዳሌያቸው ዘርግቶ ሳይነካቸው መለሰው።

«ያምሻል?» አላቸው።

«ያመኛል» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ቀኑን ሙሉ የያዙት እንባ አብሮ ወጣ። ልጁ እንባቸውን እስኪጨርሱ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

ስለ ስምምነቱ ማናቸውም አላነሱም። ልጁ መኪናውን ወደ በሩ አስጠግቶ፣ በብብታቸው ደግፎ አነሳቸውና ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው ይዟቸው ወጣ። እትዬ መዶሻ በር ላይ ሲደርሱ ወደ ሶፋው ዞረው አዩና፣ ባለቤቱ በከንቱ እንዳይመላለስ ደውልለት፣ ጀርባው ገና አልተመታም በለው አሉት። ልጁ መብራቱን አጥፍቶ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም።

«አንተ ጋ ይሁን» አሉት።