ዳምጠው የተባለው ደመና

የአየር ጠባይ ጣቢያችን ከሐይቁ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ሰማይ ሳይ ኖሬአለሁ። ሥራዬ በየሰዓቱ ወጥቶ ማየት፣ ያየሁትን ደመና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሰንጠረዥ ጋር ማመሳከር፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ቁጥሩ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ይሄዳል። አምስት ማለት ዝም ብሎ የተኛ፣ ማንንም የማይነካ ደመና ነው። ዘጠኝ ማዕበል ነው፤ ዘጠኝ ከተጻፈ ወዲያው ወደብ ይደወላል፣ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ጀልባ አይነሣም። ከሰንጠረዡ ግርጌ «ያጠራጠረህን ዘጠኝ በል» የሚል መመሪያ ታትሟል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አያውቅም ነበር እንዳይባልልኝ ነው። አውቅ ነበር።

መሥሪያ ቤት ውስጥ «አንጋጦ» ይሉኛል። ሥራውን ያስተማርኳቸው ሦስት ልጆች ተራ በተራ አለቃዬ ሆነዋል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ እነሱ ወረቀት አላቸው። ሦስተኛውን በሌለበት «ዲግሪው» እለዋለሁ። ዝናብ መለኪያው ውስጥ ያለውን ውኃ እንዴት እንደሚያነብ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሰላም የሚለኝ ከፈለገ ነው።

ሰማይ ግን እንደ ሰንጠረዡ አይደለም። የትኛውም ቁጥር ልክ የማይሆናቸው ደመናዎች አሉ። ለእነሱ የራሴ ደብተር ነበረኝ፤ በእርሳስ እሥላቸውና ስም አወጣላቸው ነበር። ከሆዱ ብዙ ነገር የተንጠለጠለውን «ግት» አልኩት። መሀሉ ክብ ሆኖ የተቀደደውን «ሽንቁር»፣ ውኃ ወደ ታች ተደፍቶ የቀረ የሚመስለውን «የተገለበጠ ባሕር»። ከዕለታት አንድ ቀን ዲግሪው ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘውና በሻይ ሰዓት ለሁሉም አነበበው።

«ግት! እናንተ፣ ላሟ መቼ ነው ሰማይ የወጣችው? ማንስ ነው የሚያልባት?»

ጸሐፊዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ደብተሩን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ እቆልፍበት ጀመር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል እንደሄደ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ወጣሁ። ከሐይቁ ማዶ አንድ ጥቅል ደመና ተነሥቷል። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ከሥሩ የጠቆረ። በራሱ ላይ እየተሽከረከረ ይመጣል። መንገድ ሲሠራ ጠጠሩን የሚጨፈልቀውን ዳምጠው ነው ያስታወሰኝ። ከኋላው ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ዝናብ የለ፣ መብረቅ የለ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሮጬ ገባሁ።

«አለቃ፣ ይሄ ሰንጠረዡ ላይ የለም። ና እስቲ እየው።»

«ቁጥሩን ንገረኝ» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ቁጥር የለውም እኮ ነው የምልህ።»

«ቁጥር ከሌለው እሱም የለም። ወይስ ሌላ ላም ወጣች? ስማኝ አንጋጦ፣ ከሰባተኛ ክፍል የቀረ ሰው ለደመና ስም አያወጣም። ቁጥር ጻፍና ተቀመጥ።»

ጸሐፊዋ እንዳትስቅ አፏን በእጇ ያዘች።

ስልኩ ክርኔ ሥር ነበር። ዘጠኝ ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም። ውስጤ ግን እርር ብሎ ነበር፤ ቁጥር አይደል የፈለግከው፣ እንካ ቁጥር አልኩ። አምስት ጻፍኩ። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ደመናውን ሣልኩት። ከሥሩ እንዲህ የሚል አሰፈርኩ፦ «9፡20። ዳምጠው። አምስት ብያለሁ፤ እነሱ ይወቁበት።»

ነፋሱ ዐሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። ታናሽ ወንድሜ ጀልባ ነጂ ነበር። የዚያን ቀን ተራው አልነበረም፤ የታመመ ጓደኛውን ተክቶ፣ ማዶ የሚጠብቁ ተሳፋሪዎችን ሊያመጣ ባዶ ጀልባ ይዞ ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ላይ ተነሥቷል። በማግስቱ ሸምበቆው ውስጥ አገኙት። አምስት ስጽፍ ሐይቁ ላይ የሚወጣው እሱ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ ለሚለኝ መልስ የለኝም።

በሐዘኑ መሀል ሚስቱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንተ እንኳ አላየኸውም?»

«ድንገት ነው የመጣው» አልኳት። «ማንም አላየውም።»

አመነችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሚዜን ኮሌታ እየገለበጠች፣ ሱሪዬን እያሳጠረች፣ እሑድ እሑድ ምሳ እያበላች አኖረችኝ። ዲግሪውን በረገምኩ ቁጥር «ተወው ጋሼ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ትለኝ ነበር። ያኔ የምበላው ወጥ አፌ ውስጥ አመድ ይሆንብኝ ነበር።

ባለፈው ወር ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ መጣች። በሰንጠረዡ የሌሉ ደመናዎች የሚገቡበት መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። ጥቅሉን ደመና ዓሣ አጥማጆች ከዚያ ወዲህ በስልካቸው አንሥተውታል፤ ስም ግን የለውም። መጀመሪያ አይቶ ሰዓቱን ጠቅሶ የመዘገበ ሰው ካለ ስም የማውጣቱ መብት የእሱ ነው፣ ስሙም ከሥዕሉ ሥር ይታተማል አለች።

«እርስዎ የቆዩ ሰው ነዎት አሉኝ» አለችኝ። «የጻፉት ነገር ይኖር ይሆን?»

ዲግሪው አጠገቧ ቆሟል። አንድ ደብተር፣ አንድ ገጽ፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ስሜን ከመጽሐፍ ያነባል። ሰዓቱም፣ ስሙም፣ «እነሱ ይወቁበት» የምትለዋም ግን አንድ መሥመር ላይ ናቸው። ለእሷ ካሳየሁ ነገ የወንድሜ ሚስት ትሰማለች።

«ነገ ልንገርሽ» አልኳት።

ማታውን ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት ዚፕ እየቀየረች ነበር። ደብተሩን ገልጬ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጥኩላት። አነበበችው። እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሣች።

«ዘጠኝ ከሃያ» አለች።

«አዎ።»

«እሱ የተነሣው ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ነው።»

«አዎ።»

«ስልኩ ተበላሽቶ ነበር?»

«አልተበላሸም።»

«እና ምን ሆነህ ነው?»

«ሳቁብኝ» አልኳት።  ምክንያቱ ለራሴ እንኳ ስሰማው ቀለለብኝ።

 ደብተሩን ከድና በሁለት እጇ አቀበለችኝ፤ የደንበኛ ልብስ እንደምታቀብለው።

«ይውሰዱት» አለች። ዐሥራ አምስት ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። «ለእኔ ያሳዩትን ለእነሱም ያሳዩ። እሑድ አይምጡ።»

በማግስቱ ገጹን ለባለሙያዋ ሰጠኋት። ሥዕሉን አይታ ፊቷ በራ፤ ከሥሩ ያለውን ግን ሁለት ጊዜ አነበበች። ዲግሪው አንገቱን አስግጎ አነበበና ወንበር ሳበ።

«ይቺን ቃል ሸፍነን ፎቶ ማንሣት እንችላለን» አለች ቀስ ብላ።

«አትሸፍኗት።»

«እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ምርመራ ክፍል ነው የሚሄደው፣ አባቴ። ሰው ሞቷል።»

«ወንድሜ ነው የሞተው። ይሂድ።»

ዲግሪው አንገቱን ደፋ። እሱን እንዲህ ለማየት ስንት ዓመት ተመኝቼ ነበር፤ ሳየው ምንም አልመሰለኝም።

«ስሙስ ዳምጠው ይባል?» አለችኝ።

«ዳምጠው ይባል።»

«የእርስዎን ስም የት ልጻፈው? መጽሐፉ ላይ ነው ወይስ ለምርመራው?»

«ሁለቱም ላይ» አልኳት። ሁለት ወረቀት አወጣች፤ እኔም ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ቀስ ብዬ ነገርኳት።